አንድ ቤት፣ አንድ ማዕድ፣ ሁለት ዓይነት ልጅ

ወፍራም ልጅ ያለበት ቤት የገባ ሰው ሁሉ ሐኪም ነው። አንዱ «አፉ አያርፍም እኮ» ይላል፣ ሌላው «ሰነፍ ነው፣ ከተቀመጠበት አይነሳም» ይላል፣ ሶስተኛዋ ደሞ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «እናትየው ናት ያቀበጠችው» ብላ ፋይሉን ትዘጋዋለች። በሌላ በኩል «ኧረ ተዉት ልጅ ነው፣ ሲያድግ ይለቀዋል» የሚሉም አሉ። ልጁ እዛው ቁጭ ብሎ ሁሉንም ይሰማል።

የታላቅ እህቴ ልጆች ሁለት ናቸው። ሴቷ 11 ዓመቷ ነው፣ ቀጫጫ፣ ለምነዋት እንኳ የማትበላ ዓይነት። ወንዱ 9 ዓመቱ ነው፣ እሱ ደሞ ከ4 ዓመቱ ጀምሮ እየወፈረ የመጣ ልጅ ነው። አንድ ቤት ነው የሚያድሩት፣ ከአንድ ድስት ነው የሚበሉት፣ አንድ ትምህርት ቤት ነው የሚሄዱት፣ ያሳደገቻቸውም አንድ እናት ናት። «እናትየው ናት» የሚሉት ሰዎች ቀጭኗን ልጅ ማን እንዳሳደጋት ቢነግሩኝ ደስ ይለኝ ነበር። እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ነገሩ ግን ስላበሸቀኝ ጥናቶቹን ማገላበጥ ጀመርኩ፣ እና ያገኘሁትን እዚህ ልዘርግፈው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)።

«ከሚያቃጥለው በላይ ስለሚበላ ነው» የሚለው የተለመደ መልስ ውሸት አይደለም። ትርፍ ጉልበት ካልገባ ስብ ከሰማይ አይመጣም። ግን መልስም አይደለም። አንድ ሰው ለምን ደኸየ ተብለህ ስትጠየቅ «ከገቢው ወጪው ስለበለጠ» ብሎ እንደመመለስ ነው። እውነት ነው፣ ግን ሥራ አጥቶ ይሁን ታሞ ይሁን ቁማር ይዞት ይሁን ምንም አልነገርከኝም። ልጁም ላይ ጥያቄው እሱ ነው፣ ከሚያስፈልገው በላይ የሚያስበላው ምንድነው? ጥጋቡንስ ምን አዘገየው? እና ደሞ ከድሮ በላይ የበዙ ልጆች ላይ ለምን?

ይሄ የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ1990 ከ5 እስከ 19 ዓመት ካሉት ልጆችና ወጣቶች ክብደታቸው ከሚገባው በላይ የነበረው 8 በመቶ ነበሩ፣ በ2022 ግን 20 በመቶ ደረሱ። ከጠቅላላው ልጅ ከመጠን ያለፈ ውፍረት የሚባለው ደረጃ ላይ ያሉት ደሞ ከ2 በመቶ ወደ 8 በመቶ ወጡ፣ ማለትም 160 ሚሊዮን ገደማ ልጅ። በ32 ዓመት ውስጥ የሰው ዘር አይቀየርም። ዓለም ላይ ያለ ልጅ ሁሉ ተመካክሮ በአንዴ ሆዳምና ሰነፍ ሆነ ማለትም አያስኬድም። የተቀየረው ልጆቹን የከበባቸው ነገር ነው።

በነገራችን ላይ «ወፍሯል» «ከስቷል» የሚለውን በዓይን መወሰን ራሱ ችግር አለው። ልጅ ሲያድግ ቅርፁ ይቀያየራል። ክብደትን ከቁመት ጋር አስልተው የሚያወጡት ቁጥር፣ ቢኤምአይ የሚባለው፣ በመጀመሪያው ዓመት ይወጣል፣ ከዛ ህፃኑ መራመድና መሮጥ ሲጀምር እየወረደ ይሄዳል፣ 5 እና 6 ዓመት አካባቢ የመጨረሻውን ዝቅታ ይነካና እንደገና ወደ ላይ ይጀምራል። የ5 ዓመት ልጅ ጎኑ የሚቆጠረው ለዛ ነው፣ «አልበላ አለኝ፣ ከሳብኝ» ተብሎ ልጅ በግድ የሚጎረሰውም በዛው እድሜ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ደሞ ልጁ ምንም አልሆነም። አሳሳቢው ተቃራኒው ነው፣ መልሶ መውጣቱ ቀድሞ ከ5 ዓመት በፊት ከጀመረ ልጁ በኋላ የመወፈር እድሉ ከፍ እንደሚል ከ1984 ጀምሮ በጥናት ይታወቃል። የወንዱ ልጅ የእድገት ቻርት ላይ ያየሁት ይሄንኑ ነው፣ 4 ዓመቱ ላይ መስመሩ ቀና ብሏል፣ ያኔ ግን ቤት የመጣ ሰው ሁሉ «አሁን ገና ልጅ መሰለ!» ነበር የሚለው። አዋቂ ላይ የሚሰራው ከ25 ወይም ከ30 ካለፈ ወፈረ የሚባለው የቢኤምአይ ቁጥርም ልጅ ላይ በቀጥታ አይሰራም፣ ከእድሜውና ከፆታው ጋር መታየት አለበት።

እሺ ወደ ዘር እንምጣ። ሰው «በዘራችን ነው» ሲል ሰበብ የሚፈልግ ይመስለናል፣ ግን ነገሩ የሚናቅ አይደለም። በ1986 የወጣ ጥናት ዴንማርክ ውስጥ በጉዲፈቻ ያደጉ ሰዎችን ወስዶ ሲያይ ውፍረታቸው የሚመሳሰለው ካሳደጓቸው ሰዎች ጋር ሳይሆን አብረዋቸው ካልኖሩት ከወላጆቻቸው ጋር ሆኖ ተገኘ። እና የገረመኝ ዘሩ የሚሰራበት ቦታ ነው፣ እኔ ሁሌ «ምግብ የሚያቃጥል ሰውነት» ምናምን ይመስለኝ ነበር፣ ዋናው ሥራ ያለው ግን ጭንቅላት ውስጥ ነው፣ ረሃብና ጥጋብን የሚቆጣጠረው ክፍል ላይ። በ1994 ኒውዮርክ ውስጥ ጄፍሪ ፍሪድማን የሚባል ተመራማሪና ባልደረቦቹ ሌፕቲን የሚባለውን ሆርሞን ጂን አገኙ። ሌፕቲንን የሚያመርተው ስብ ራሱ ነው፣ ወደ አንጎል ሄዶ «ስንቅ አለን፣ አትጨነቅ» ይላል። ከ3 ዓመት በኋላ በ1997 እንግሊዝ ውስጥ ካምብሪጅ ያሉ ተመራማሪዎች ስለ ሁለት ዘመዳሞች ልጆች ፃፉ፣ አንዷ በ8 ዓመቷ 86 ኪሎ፣ ሌላው በ2 ዓመቱ 29 ኪሎ። ሲወለዱ ክብደታቸው እንደማንኛውም ህፃን ነበር። ሰውነታቸው ሌፕቲን አያመርትም፣ አንጎላቸው ያንን ሁሉ ስብ ተሸክመውም «ልትሞት ነው፣ ብላ» ነው የሚላቸው። ልጅቷ በኋላ ሌፕቲን በመርፌ ሲሰጣት የምግብ ፍላጎቷ ረገበ፣ ክብደቷም መቀነስ ጀመረ። ከዛ በፊት ስንት ሰው ሆዳም ብሏት እንደሚሆን ሳስበው ያመኛል።

እንደሷ ዓይነት ልጅ በጣም ብርቅ ነው፣ ማንም የራሱ ልጅ እንዲህ ነው ብሎ እንዳይደመድም። አብዛኛው ሰው ላይ ያለው አንድ የተበላሸ ጂን ሳይሆን በመቶዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን ልዩነቶች ድምር ነው፣ በጣም የታወቀው በ2007 የተገኘው ኤፍቲኦ የሚባለው ነው፣ ከእናትም ከአባትም የወረሰው አዋቂ ምንም ካልወረሰው ሰው በአማካይ 3 ኪሎ ገደማ ይበልጣል፣ በቃ ይሄው ነው። ወንድምና እህት ደሞ ሙሉ በሙሉ አንድ ዓይነት ዕጣ አይደርሳቸውም፣ በአማካይ ግማሹን ነው የሚጋሩት። እንግሊዝ ውስጥ መንታ ህፃናትን የተከታተለ ጥናት አለ፣ ገና ወተት ብቻ በሚጠቡበት ጊዜ አንዱ መንታ ወተት ሲያይ የሚንሰፈሰፍ፣ ሌላው ትንሽ ጠብቶ ፊቱን የሚያዞር ከሆነ፣ የሚንሰፈሰፈው በኋላ በፍጥነት ክብደት ይጨምራል። የወራት ህፃን እኮ ነው! ማን አቀበጠው? ማንስ አሰነፈው? እህቴ ይሄን ሳነብላት «እሱ እኮ ጡጦ ሲያልቅበት ያለቅስ ነበር፣ እሷ ደሞ ትተኛበት ነበር» አለችኝ።

ከመወለድ በፊት ያለውም አለ። እርጉዝ እናት ስኳሯ ከፍ ካለ ትርፉ ስኳር ወደ ፅንሱ ይሻገራል፣ ፅንሱ ኢንሱሊን የሚባለውን ስኳር የሚቆጣጠር ሆርሞን ያበዛል፣ ልጁ ትልቅ ሆኖ ይወለዳል፣ በኋላም የመወፈር እድሉ ይጨምራል። በእርግዝና ጊዜ ሲጋራ ማጨስም እንደዛው ከውፍረት ጋር ተያይዞ ይገኛል። በጣም የሚገርመው ግን ረሃብም ይሄን ማምጣቱ ነው። በ1944 መጨረሻ ጀርመኖች በያዙት ኔዘርላንድ ከባድ ረሃብ ገብቶ ነበር፣ በ1976 የወጣ ጥናት በዛ ጊዜ ማህፀን ውስጥ የነበሩ ወንዶች 19 ዓመት ሞልቷቸው ለውትድርና ሲመረመሩ የተመዘገበውን መረጃ አየ፣ እና በእርግዝናው የመጀመሪያ ግማሽ ረሃቡ ያገኛቸው ከሌሎቹ ይልቅ ወፍረው የመገኘት እድላቸው ሰፊ ሆኖ ተገኘ። የመጨረሻዎቹ ወራት ላይ ረሃቡ የደረሰባቸው ደሞ በተቃራኒው። ምክንያቱን አንድ ነገር ላይ ጥሎ ለመጨረስ የሚቸኩል ሰው እዚህ ጋ ትንሽ ቢቆም ጥሩ ነው።

ግን ዘርና ማህፀን ብቻ ቢሆን 1990 ላይ የነበሩት ልጆችም ይወፍሩ ነበር። ያ ቶሎ የሚርበውና ዘግይቶ የሚጠግበው ልጅ ያኔም ነበር፣ የሚበላው ትርፍ ግን እንደ አሁኑ ዓይኑ ስር አልተደረደረለትም።

ከሚደረደሩት ውስጥ እኔ መጀመሪያ የማነሳው የሚጠጣውን ነው። አንድ 330 ሚሊ ሊትር ቆርቆሮ ለስላሳ ውስጥ ወደ 35 ግራም ስኳር አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ያወጣው መመሪያ የሚጨመር ስኳር፣ የማርና የጁስ ስኳርም ጭምር፣ በቀን ከምናገኘው ጉልበት ከ10 በመቶ በታች ይሁን፣ ከተቻለ ወደ 5 በመቶ ይውረድ ይላል፣ 5 በመቶው ለአዋቂ 25 ግራም ገደማ ነው፣ ለልጅ ደሞ ከዛም ያንሳል። ፈሳሽ ስኳር ክፋቱ ሆድ አለመቁጠሩ ነው፣ የዛኑ ያህል ካሎሪ ያለው ምግብ የበላ ልጅ ቀጣዩ ምግብ ላይ ትንሽ ይቀንሳል፣ የጠጣ ልጅ ግን እንዳልተሰጠው ሆኖ ይበላል።

«አንድ ብርጭቆ ምን ያመጣል» ለሚል ሰው ኔዘርላንድ ውስጥ የተሰራውን እነግረዋለሁ። ከ5 እስከ 11 ዓመት ያሉ 641 ልጆች፣ ሁሉም ድሮውንም ጣፋጭ መጠጥ የለመዱ፣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ በየቀኑ 250 ሚሊ ሊትር ስኳር ያለው መጠጥ፣ ግማሾቹ ጣዕሙ ያው የሆነ ስኳር የሌለው መጠጥ ለ18 ወር ተሰጣቸው፣ የትኛው እንደደረሰው ልጁም አያውቅም። ውጤቱ በ2012 ወጣ፣ ስኳር ያለውን የጠጡት በአማካይ 1 ኪሎ ያህል የበለጠ ጨመሩ። ስፖርት አልተጨመረ፣ ምግብ አልተከለከለ፣ አንዷ ብርጭቆ ብቻ ናት የተቀየረችው።

ጁስ ላይ ደሞ ብዙ ወላጅ ይሸወዳል። ባለፈው ከልጁ ጋር አንድ የግማሽ ሊትር ጁስ ጠርሙስ ጀርባውን አዙረን ስናነብ «አክስቴ ይሄ እኮ ፍራፍሬ ነው፣ ሥዕሉን አታይውም?» አለኝ። ጀርባው ላይ በ100 ሚሊ ሊትር 11 ግራም ስኳር ይላል። እስቲ ጠርሙሱን ሙሉ አስላው አልኩት፣ 11 በ5፣ 55 ግራም። አንድ የሻይ ማንኪያ 4 ግራም ገደማ ስለሚይዝ ስኳሩን ባዶ ብርጭቆ ውስጥ እየቆጠረ ጨመረው፣ ወደ 14 ማንኪያ ሲጠጋ ብርጭቆውን ወደ መብራቱ አንስቶ እያየ «ይሄን ማንም ሰው አይጠጣውም» አለ። እህቱ ሳቀች፣ ምክንያቱም ጠርሙሱ ግማሽ ደርሷል፣ የጠጣው ደሞ እሱ ነው። ፍራፍሬውን ቢያኝከው ቃጫው ያጠግበዋል፣ ሲጨመቅ ግን የሚቀረው ጣፋጭ ውሃው ነው። የአሜሪካ የህፃናት ሐኪሞች ማህበርም በ2017 ዓመት ላልሞላው ህፃን ጁስ ጭራሽ አያስፈልግም ብሏል።

ሌላው የፋብሪካ ምግብ ነው። በ2019 ኬቪን ሆል የሚባል ተመራማሪ አሜሪካ ውስጥ 20 ሰዎችን ሆስፒታል አስገብቶ ሁለት ሳምንት በፋብሪካ በብዙ የተቀነባበረ ምግብ፣ ሁለት ሳምንት ደሞ ያልተቀነባበረ ምግብ አቀረበላቸው። የቀረበላቸው ካሎሪ፣ ስኳር፣ ስብ፣ ጨው እኩል እንዲሆን ተደርጓል፣ የፈለጉትን ያህል ብሉ ነው የተባሉት። በተቀነባበረው ጊዜ በቀን ወደ 500 ካሎሪ የሚጠጋ ጨምረው በሉ፣ ክብደትም ጨመሩ። እነዚህ አዋቂዎች ናቸው፣ ራሳቸውን ይገዛሉ የሚባሉ፣ እኛ ደሞ የ9 ዓመት ልጅ አስቀምጠን «ራስህን ግዛ» እንለዋለን። ምግቡ ለስላሳ ነው፣ ብዙ አይታኘክም፣ ቶሎ ይዋጣል፣ የጥጋቡ ምልክት አንጎል ጋ ሳይደርስ ሳህኑ ባዶ ይሆናል።

«ጨርስ!» የምትለዋን ትዕዛዝ ደሞ እዚሁ ላይ ላንሳ። በ2000 የታተመ አንድ ጥናት ለ3 ዓመትና ለ5 ዓመት ልጆች አንዴ ትንሽ አንዴ ትልቅ ድርሻ አቅርቦ አየ። የ3 ዓመቶቹ የቀረበላቸው ቢበዛም ቢያንስም ያችኑ ያህል በሉ፣ የ5 ዓመቶቹ ግን ሲበዛላቸው አብዝተው በሉ። በዛች ሁለት ዓመት መሃል ልጁ ሆዱን ማዳመጥ ትቶ ሳህኑን ማየት ይለምዳል ማለት ነው። ማን አስተማረው? እንግዲህ የጠገበን ልጅ «አንዴ ብቻ፣ ለኔ ስትል» እያልን የምናጎርሰው ሁላችንም አለንበት፣ «ይሄን ከጨረስክ ጣፋጭ እሰጥሃለሁ» የሚለው ደሞ ምግቡን ቅጣት፣ ጣፋጩን ሽልማት ያደርገዋል። መከልከሉም በራሱ መዘዝ አለው። በ1999 የወጣ ሌላ ጥናት ላይ ልጆች ከሚወዱት መክሰስ አንዱ እያዩት ተከለከለባቸው፣ ተመሳሳዩ ግን እንደልብ ተተወላቸው፣ የሚያወሩለትም የሚለምኑትም የተከለከለውን ሆነ። እኔን የሚያስኬደኝ ኤሊን ሳተር የተባለች የሥነ ምግብ ባለሙያ የምትለው ነው፣ ምን እንደሚቀርብ፣ መቼና የት እንደሚበላ ወላጅ ይወስናል፣ ምን ያህል እንደሚበላ ልጁ። ቤት ውስጥ እንዳይኖር ማድረግና ቁም ሳጥን ላይ ሰቅሎ «እንዳትነካ» ማለት በጣም የተለያየ ነገር ነው።

ስክሪን ላይ ሁላችንም የምናስበው ልጁ ቁጭ ስለሚል ይወፍራል ብለን ነው። በ1999 አሜሪካ ውስጥ የሶስተኛና የአራተኛ ክፍል ልጆች ላይ የተሰራ ሙከራ አለ፣ አንዱ ትምህርት ቤት ልጆቹ ቲቪና ቪዲዮ ጌም እንዲቀንሱ ለስድስት ወር አስተማረ፣ ሌላው እንደወትሮው ቀጠለ። የቀነሱት ልጆች ውፍረት የጨመረበት ፍጥነት ቀነሰ። እዚህ ድረስ የሚጠበቅ ነው፣ ግን እንቅስቃሴያቸው ሲለካ ያን ያህል አልጨመረም! በግልፅ የቀነሰው ቲቪ እያዩ የሚበሉት ምግብ ነው። ይሄን ካነበብኩ በኋላ ልጁን አንድ ቅዳሜ አየሁት፣ ዓይኑ ስልኩ ላይ፣ እጁ ቺፕስ ከረጢት ውስጥ፣ እጁ ይገባል ይወጣል፣ አፉ ያኝካል፣ ፊቱ ላይ ግን ስለ ምግቡ አንድም ነገር የለም። በመጨረሻ ጣቶቹ ባዶውን ከረጢት ሲቧጥጡ ቀና ብሎ «ማነው የበላብኝ?» አለ። የምሩን ነው።

ስልኩ ደሞ ሌላም ይሰርቃል፣ እንቅልፍ። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ9 እስከ 12 ሰዓት ያህል መተኛት አለበት። በ2013 የወጣ ጥናት ከ8 እስከ 11 ዓመት ያሉ ልጆችን አንድ ሳምንት እንቅልፋቸውን አስረዝሞ፣ አንድ ሳምንት አሳጥሮ ሲያይ፣ ረዥም በተኙበት ሳምንት በቀን ወደ 130 ካሎሪ አንሰው በሉ። ማንም አትብሉ አላላቸውም። እንቅልፍ ያጣ ልጅ መነጫነጭ ብቻ አይደለም፣ ሲነጋም የሚያምረው ጣፋጩና ቅባት የበዛበቱ ነው። ከሁሉም ነገር ይሄኛው ነው ብዙ ሰው የማያነሳው፣ እኔ ግን ወላጅ ብሆን ከምግቡ በፊት የምጀምረው እዚህ ነበር፣ ምክንያቱም ልጁ እንደ ቅጣት አያየውም።

እንቅስቃሴ። ልጅ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ልብ የሚያስመታ እንቅስቃሴ ያስፈልገዋል፣ ከ11 እስከ 17 ዓመት ካሉት ከ5ቱ 4ቱ ይሄን አያገኙም፣ ይሄ የታወቀ ነው። ግን «አይሮጥም፣ ለዛ ወፈረ» የሚለው ብዙ ጊዜ የተገላቢጦሽ ነው ባይ ነኝ። እንግሊዝ ውስጥ ፕሊመዝ የሚባል ከተማ ልጆችን ከ7 እስከ 10 ዓመታቸው የተከታተለ ጥናት በ2011 ሲወጣ፣ መጀመሪያ የሚመጣው ውፍረቱ ነው፣ አለመንቀሳቀሱ ከኋላ ይከተላል አለ። ያስኬዳል እኮ፣ ሲሮጥ ይደክመዋል፣ ኳስ ሲጫወቱ መጨረሻ ላይ ነው የሚመረጠው፣ ይስቁበታል፣ ቀጥሎ ሆዴን አመመኝ ብሎ ክፍል ይቀራል። እንቅስቃሴው ለልቡም ለአጥንቱም ለእንቅልፉም ለስሜቱም ይጠቅመዋል፣ ግን ኪሎ መቀነሻ ብለህ ከሰጠኸው ቅጣት አድርጎ ነው የሚይዘው። ደሞስ የት ይሩጥ? መንገዱ መኪና ነው፣ ደጅ ማውጣት ያስፈራል፣ ሜዳው ህንፃ ተሰርቶበታል።

ስድቡን እዚህ ላይ ካላነሳሁ ሐሳቤ ጎደሎ ይሆናል። ልጅን በውፍረቱ ማሾፍ «እንዲነቃ» ተብሎ ነው የሚደረገው፣ በተከታታይ የተጠኑ ልጆች ላይ የታየው ግን በክብደታቸው የተሾፈባቸው ልጆች የበለጠ ክብደት መጨመራቸው ነው። ያዘነ ልጅ ተደብቆ ይበላል፣ ከሰው ይሸሻል፣ ጭንቀት ሲበዛ ደሞ ኮርቲሶል የሚባለው ሆርሞን ይጨምራል፣ እሱም የምግብ ፍላጎት ይቀሰቅሳል። ምግብ ዛሬ አለ ነገ የለም በሚባልበት ቤት ያደገ ልጅም ሲያገኝ አብዝቶ መብላቱ አይፈረድበትም፣ ርካሹና ሆድ የሚሞላው ምግብ ደሞ አብዛኛውን ጊዜ ካሎሪ የታጨቀበት ነው። በብዙ ሀብታም አገሮች ውፍረት የሚበዛው ድሃ ልጆች ላይ የሆነበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

ማስታወቂያው ደሞ አለልህ። አንድ እናት «አይሆንም» ትላለች፣ በሌላ በኩል ካርቱኑን፣ ቀለሙን፣ ውስጡ ያለውን መጫወቻ ለልጁ ዓይን ብሎ የሰራ ሙሉ የማርኬቲንግ ክፍል አለ። ዕቃው የሚደረደረውም ልጁ እጁ በሚደርስበት ከፍታ ነው። ቺሌ በ2016 ስኳር፣ ጨው፣ ስብ ወይም ካሎሪ የበዛበት የታሸገ ምግብ ላይ ጥቁር ምልክት እንዲለጠፍ፣ ካርቱኖቹ ከማሸጊያው እንዲወጡ፣ ትምህርት ቤት ውስጥም እንዳይሸጥ አዘዘች። እኔ ይሄ ዓይነቱን ሕግ እደግፋለሁ፣ «የወላጅ ኃላፊነት ነው» የሚሉትን ብዙ ጊዜ ሳያቸው ልጅ ይዘው ገበያ ገብተው የማያውቁ ናቸው።

አሁን የቀረው «ሆርሞን ነው» የሚባለው ነው። አለ፣ ግን ጥቂት ነው። እህቴ ልጁን ሐኪም ጋ ስትወስደው እኔም አብሬ ነበርኩ፣ ሐኪሟ ሚዛኑን ሳትነካ መጀመሪያ ቁመቱን ነው የለካችው። ምክንያቱን ስጠይቃት፣ በተለመደው መንገድ የወፈረ ልጅ ከእድሜው እኩዮች ጋር ሲነፃፀር ረዘም ይላል፣ እየወፈረ ቁመቱ የቆመ ልጅ ካለ ግን ያኔ ታይሮይድ የሚባለው እጢው ወይም ኮርቲሶሉ መታየት አለበት አለችኝ። የኛ ልጅ ረጅም ነው። ቀጥላ ረሃቡ ፈፅሞ የማይረካ ነው ወይ፣ ትምህርት ወይም ንግግር ዘግይቶበታል ወይ ብላ ጠየቀች፣ እነዚህ ካሉ እንደ ፕራደር ዊሊ ያሉ የጂን ችግሮች ይፈተሻሉ። አንገቱን ከኋላ ገልጣ አየችው፣ እዛ ቦታ ላይ የሚወጣ ጠቆር ያለ፣ ወፈር ብሎ ሲነኩት እንደ ከፋይ ጨርቅ የሚመስል ቆዳ አለ፣ ብዙ ቤት እድፍ መስሏቸው በሳሙና ሲፈትጉት ይኖራሉ፣ እሱ ግን ሰውነቱ ኢንሱሊን አልሰማ ማለቱን የሚያሳይ ምልክት ነው፣ ያለበት ልጅ ስኳሩ መታየት አለበት።

መጨረሻ ላይ መድኃኒት ይወስዳል ወይ አለች። አይወስድም፣ ግን ጥያቄው ለሌላ ወላጅ ሊጠቅም ይችላል፣ ለአስም ወይም ለኩላሊት ለረጅም ጊዜ የሚዋጥ እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ ስቴሮይድ፣ ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ቫልፕሮየት፣ ለአእምሮ ህመም ወይም ለባህሪ የሚሰጡ እንደ ሪስፔሪዶን ያሉት፣ ክብደት ይጨምራሉ። ልጃችሁ ከነዚህ አንዱን እየወሰደ ከወፈረ ላዘዘው ሐኪም ንገሩት፣ በራሳችሁ ግን አታቋርጡ፣ በተለይ ስቴሮይዱም የሚጥል በሽታ መድኃኒቱም በአንዴ ሲቆሙ ልጁን አደጋ ላይ ይጥላሉ።